በስልክ ሽቦ የተላከው ራጅ

ባለፈው ሳምንት ፋይበር ኢንተርኔት ልታስገባልን የመጣችው ባለሙያ፣ ሃያ አምስት ዓመት የሞላት የማትመስል ቀጭን ልጅ፣ መሰላሏን የሳሎኔ ግድግዳ ላይ አስደግፋ ወጣችና ከኮርኒሱ ሥር የሚሄደውን አሮጌ ሽቦ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው። «ማዘር፣ ይሄ ምን ይሠራል? ልንቀለው?» አለችኝ። የስልክ ነው አልኳት። «የምን ስልክ?» አለች። የቤት ስልክ ስላት የማታውቀውን ሰው ሞት እንደ ሰማች ሁሉ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ፒንሳዋን አወጣች። ቆይ አልኳት። ለምን እንዳስቆምኳት እኔም አላወቅሁም። ሽቦው ስንት ጊዜ ከግድግዳው ጋር አብሮ ቀለም ተቀብቷል፤ ከሞተም ብዙ ዓመቱ ነው። ትንሽ አየሁትና ንቀይው አልኳት፤ ነቀለችው። ሰዓት ሳይሞላ አዲሱን ሠርታ ጨረሰች። አረንጓዴ መብራት ብልጭ ብልጭ የሚልባትን ነጭ ሳጥን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና «በቃ ማዘር፣ ሃያ አራት ሰዓት ነው» አለችኝ። ሲያልቅስ አልኳት። «አያልቅም። በወር ነው የሚከፈለው፣ የፈለጉትን ያህል ይጠቀሙ።» ሁለተኛም ጠየቅኋት፤ ሁለተኛም አያልቅም አለችኝ። እሷ ከሄደች በኋላ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ መብራቷን እያየሁ እፎይ አልኩ፤ የምሬን ነው፣ ድምፅ አውጥቼ እፎይ አልኩ።

አንድ ሰው ስለ ኢንተርኔት እፎይ ማለቱ ያስቃችሁ ይሆናል። እኔ ግን በዚህ ሰፈር፣ በመካኒሳ አቦ፣ «እትዬ ደቂቃ» የሚል ስም ወጥቶልኝ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስሜ የሺእመቤት ነው። ዓመቱን አልጠራላችሁም፤ ብጠራው ቁጭ ብላችሁ ዕድሜዬን ትደምራላችሁ። ሞባይል ያለው ሰው እንዲታይለት ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ ጃኬቱን ወደ ኋላ ገለጥ እያደረገ የሚሄድበት ጊዜ ነበር በሉ። ማኪያቶ አንድ ብር ከምናምን ነው። እኛ መሥሪያ ቤት የምንውል ሴቶች ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ኮት እንለብሳለን፤ የእኔ ወይን ጠጅ ነበር፣ ሳሪስ ያሰፋሁት፣ ስፖንጁ አንዱ ወገን እየተንሸራተተ ጎባጣ ያስመስለኝ ነበር። ታክሲ ተራው ጥግ ላይ ካሴት ቤት ነበረ። ባለቤቱ አንድ ዘፈን ከወደደ ሳምንቱን ሙሉ እሱን ብቻ ነው የሚያጫውተው፤ ሰፈሩ ሁሉ ወዶ ሳይሆን ተገዶ ግጥሙን በቃሉ ይይዛል። ሀና ማርያም ለመሄድ በክረምት ቦት ጫማ ያስፈልግ ነበር፤ ከለቡ ወዲያ ማሳ ነው። ዛሬ እዚያ ማሳ ላይ የቆሙት ፎቆች ውስጥ ያሉ ልጆች ኔትወርክ ቀነሰ ብለው ሲያማርሩ ስሰማ ልቆጣቸው እፈልግና እተወዋለሁ። ያላዩትን ከየት አምጥተው ያመስግኑ?

የቤታችንን ስልክ ያስገባው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ወረፋውን ጠብቀን፣ ረስተነው፣ አንድ ቀን ድንገት መጡና ተከሉልን። የዚያን ዕለት ጎረቤት እንኳን ደስ አላችሁ ሊለን ዳቦ ይዞ መጣ። አንዱን እጀታ ሳሎን አደረግነው፣ ዳንቴል አለበስነው፤ ሌላውን ከዚያው መስመር ቀጥለን መኝታ ክፍል አስገባነው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ የእኛ አልነበረም፣ የሰፈሩ ሆነ። ከጎንደርም ከሆሳዕናም ከቤሩትም ይደወላል፤ እኔ በር ላይ ወጥቼ «ኧረ እገሊት፣ ስልክ!» ብዬ እጣራለሁ። የተጠራችው ሴት ብቻዋን አትመጣም። እናቷም እህቷም ይከተሏታል፤ እሷ አውርታ ስትጨርስ እጀታው ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሁሉም ተራ በተራ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ሁሉ ሰላም?» ይላል። ደዋዩን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው እንኳ ቤት ውስጥ ከተገኘ ሰላም ሳይል አይወጣም። እኔም ራሴ ስማቸውን የማላውቅ የስንቱን አክስት ሰላም ብያለሁ። በዚያ መስመር ላይ ሰው ካለ፣ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ሰላም ይለዋል። ሕጉ ይኸው ነበር፤ ማንም አላወጣውም፣ ማንም አያፈርሰውም።

ኮምፒውተሩ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው። ጸሐፊ ሆኜ የምሠራበት መሥሪያ ቤት አሮጌዎቹን በጨረታ ሲሸጥ አንዱን እኔ ወሰድኩት፤ ባለቤቴ «ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ እያለ ሌላ የማይሠራ ቴሌቪዥን ገዛሽ» ብሎ አንድ ወር አሾፈብኝ። ኢንተርኔቱን ስናስገባ ሹፈቱን ተወና ጎረቤት ፊት ይኩራራ ጀመር። መስመሩ ያው የስልኩ ሽቦ ነው። ሲገናኝ ይጮኻል፣ ይፏጫል፣ እንደ ሞተር ብስክሌት ያጓራል፤ ከተገናኘ በኋላ ግን አንድ ሰው የሳሎኑን እጀታ ካነሳ ድርግም ይላል። የሚከፈለው ደግሞ በደቂቃ ነው። ብስራተ ገብርኤል ያለው ኢንተርኔት ቤትም በደቂቃ ነበር፤ እዚያ ሰው ከተቀመጠበት ወንበር ይልቅ የግድግዳውን ሰዓት ያይ ነበር። ስለዚህ እኔ ዘዴ አወጣሁ። መልእክት የሚልክ ሁሉ ቤቱ በወረቀት ጽፎ ይመጣል። እኔ መስመሩ ሳይከፈት ሁሉንም እተይባለሁ፣ አነባለታለሁ፣ ያርማል። አምስት ስድስት ሰው ሲሞላ መስመሩን እከፍትና በሁለት ደቂቃ ሁሉንም ልኬ፣ የመጣውን ተቀብዬ፣ እዘጋለሁ። «አንድ ነገር ልጨምር» የሚል ሰው አይጠፋም። መስመር ከተከፈተ በኋላ ግን ለእናቱም ሰላምታ ቢሆን አልጨምርም፤ ደቂቃው ሄደ እላለሁ። ስሙ የወጣልኝ በዚህ ነው። ተበሳጭቼም አላውቅ፤ ይገባኛል።

ጴጥሮስ ግቢያችን ጀርባ የሚኖር ግንበኛ ነበር፤ ከሆሳዕና የመጡ፣ በጸሎታቸው የታወቁ ቤተሰቦች ናቸው። ሴት ልጁ ምህረት የሰባት ዓመት ልጅ ሆና የአራት ዓመት ታክል ነበር። ከልጆች ጋር ትንሽ ሮጣ ቁጢጥ ትላለች፤ ከንፈሯና ጥፍሯ ይጠቁራል። ልቧ ላይ ከተወለደች ጀምሮ ቀዳዳ አለ ተብሏል። እዚህ አይሠራም፣ ውጭ ነው የሚሠራው ተብለው ተስፋ ቆርጠው ሳለ፣ የሚያክማት ሐኪም አንድ ወረቀት ሰጣቸው። በውጭ አገር ያሉ በጎ ፈቃደኛ ሐኪሞች በነጻ ለማሳከም ልጆች እየመረጡ ነው፤ የደረት ራጇን ፎቶና የምርመራ ውጤቷን በኢሜይል እስከ ሰኞ ጠዋት የላከ ይታይለታል፤ ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይዘጋል። ጴጥሮስ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ራጁን ሳሪስ ፎቶ ቤት ወስዶ ስካን አስደርጎ በሁለት ፍሎፒ ተሸክሞታል። ቆቡን በእጁ እያሻሸ «እትዬ የሺ፣ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አለኝ። ፋይሎቹን ከፍቼ አየኋቸው። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር በዚያ ሽቦ ልኬ አላውቅም። «ነገ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ና። ስልክ የሚደውልም የሚጠራም አይኖርም» አልኩት። «ደቂቃውን ተወው» ስለው ተጠራጥሮ አየኝ፤ ከእኔ አፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ነዋ።

እሁድ ጠዋት አቦን ይቅር በለኝ ብዬ ቤት ቀረሁ። ባለቤቴ ቅዳሴ ሄደ። የምህረት እናት ከልጅቷ ጋር ሆስፒታል ነበረች። ጴጥሮስ ከእናቱ ከእማማ አማረች ጋር መጣ። እማማ አማረች አጭር፣ ንጹሕ፣ ነጭ ሻሽ የሚያስሩ ሴት ናቸው፤ አማርኛቸው ላይ የሀገራቸው ዜማ አለበት። ስልኩ አሁን ዶክተሮቹ ጋ ነው ብለናቸው ሳሎን አስቀመጥኳቸውና እኔና ጴጥሮስ መኝታ ክፍል ገባን። መስመሩ በሦስተኛው ሙከራ ያዘ። ላክሁት። ስክሪኑ ላይ ምን ያህሉ እንደ ተላከ የምታሳየው ሰማያዊ መስመር ቀንድ አውጣ ይመስል መንፏቀቅ ጀመረች። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት። ጴጥሮስ «ደረሰ?» ይላል፤ «ዝም በል፣ ትንፋሽህ እንዳያቋርጠው» እለዋለሁ። ሰዓት ተኩል ሲያልፍ መስመሯ ጫፍ ደርሳ ቆመች። ሞልታለች፣ ግን «ተልኳል» የሚለው ቃል አልመጣም። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ስንጠብቅ ከሳሎን የእማማ አማረች ድምፅ ተሰማ። «ሃሎ! እንደምን አደራችሁ ዶክተሮች? ቤተሰብ ደህና ነው? ጌታ ዘመናችሁን ይባርክ፣ ልጃችንን አደራ...»

ስክሪኑ መስመሩ ተቋርጧል አለ።

ሮጬ ሳሎን ገባሁ። እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው፣ ትልቅ ሰው ፊት እንደ ቆሙ ሁሉ ወደ ስልኩ ያወራሉ። ከእጃቸው መንጭቄ «እርስዎ ልጅቷን ገደሏት!» አልኩ። በገዛ አፌ፣ በዚያ ሁሉ ድምፅ። አንቱ ማለቴ ምን ዋጋ አለው? ጴጥሮስ ከኋላዬ «እማዬ፣ ምን ነካሽ?» አለ። እማማ አማረች እኔንም እሱንም እያዩ «ሰላም ልበላቸው ብዬ ነው» አሉ። «ስልኩ እነሱ ጋ ነው አላችሁኝ። ሰላምታ የእግዚአብሔር ነው፤ ሰው ይህን ያህል ውለታ ጠይቆ እንዴት ሰላም ሳይል ይቀራል?» ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡና በራችን ላይ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

ልጅቷ መዳኗን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ እኔ አንባቢ ጉሮሮ ይዞ የሚያስጨንቅ ተራኪ አልወድም። ምህረት ዛሬ ሐዋሳ ውስጥ አስተማሪ ናት፣ የሁለት ልጆች እናት። በቪዲዮ ትደውልልኛለች፤ ልጆቿ ስልኩን ይቀሟትና ድመታቸውን ያሳዩኛል፣ የወለቀ ጥርሳቸውን ያሳዩኛል፣ ከዚያ ስልኩን ወለል ላይ ጥለውት ሄደው ግማሽ ሰዓት ኮርኒስ አያለሁ። ዝጉት አልልም። ድሮ በዚያ ግማሽ ሰዓት የሰፈሩን ሁሉ ደብዳቤ እልክበት ነበር እያልኩ፣ የሐዋሳን ኮርኒስ እያየሁ፣ ሽንኩርቴን እከትፋለሁ። ሁሉም እንደ እኔ ተመችቶታል ማለቴ አይደለም። መንገዱ ዳር አትክልት የምትሸጠው ጎረቤቴ አሁንም የዕለት የኢንተርኔት ጥቅል እየገዛች ማታ ሲቃጠልባት ታዝናለች፤ መብራት ሲጠፋ የእኔም ሳጥን ትጠፋለች። ቢሆንም ቀን እስኪያልፍ ያለፋል ነውና ነገሩ፣ የዛሬው ልፋት የዚያን እሁድ አያክልም።

በዚያ እሁድ መስመሩ መልሶ እንቢ አለኝ። ስደውል ተይዟል፣ ስደውል ተይዟል። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመለሰ፣ ምሳ ተበላ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ ስልክ ሊደውል የመጣውን ሁሉ ይመልስ ጀመር። ከሰዓት ዘጠኝ አካባቢ ያዘልኝና እንደገና ከመጀመሪያው ላክሁት፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ «ተልኳል» የሚለው መጣ። ጴጥሮስ ተንበርክኮ አለቀሰ። ያን ጊዜ ሁሉ እማማ አማረች ድንጋዩ ላይ ነበሩ፤ መጀመሪያ ፀሐይ፣ ኋላ ካፊያ። በመስኮት አይቻቸዋለሁ። ይግቡ አላልኩም። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ወይን ጠጁን ኮቴን ማን እንደ ወሰደው እንኳ አላስታውስም፤ ያንን ግን አልረሳሁም።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ለእኔ ከእሁዱ የባሱ ነበሩ። መልስ መምጣት አለመምጣቱን ለማየት በየጠዋቱ ሁለት ደቂቃ እከፍታለሁ፤ ባዶ። በሦስተኛው ቀን የእማማ አማረች ሌላው ልጃቸው ከሆሳዕና ደወለ። እንደ ልማዴ በር ላይ ወጥቼ ጠራኋቸው። መጡ፣ ግን ደፉን አላለፉም። «ደህና ናት በይልኝ» አሉኝ። ይግቡና ያነጋግሩት እንጂ፣ እየጠበቀ ነው ብላቸው ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። «አይ፣ ልጄ። እኔ ያንን አልነካም።» በሳምንቱ ደግሞ ደወለ፤ ደግሞ እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። ልጃቸው ከወዲያ «እናቴ ታማለች እንዴ? ለምን ትደብቁኛላችሁ?» እያለ ይጮኻል፤ እሳቸው ሦስት እርምጃ ላይ ቆመው ድምፁን ይሰማሉ፣ ዓይናቸው ይሞላል፣ አይነኩትም። ባለቤቴ ማታ «የሺ፣ ሂጂና ይቅርታ ጠይቂያቸው» አለኝ። መልሱ ይምጣና አልኩት። ኩራት መስሎት ተቆጣኝ። ኩራት አልነበረም፣ ፍርሃት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የተናገርኩትን ልመልሰው አልችልም። መልሱ ደግሞ «አልተቀበልንም» ከሆነ፣ ወይ ጭራሹን ካልመጣ፣ ያ ቃሌ እውነት ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ የቱን ይቅርታ ይዤ እሄዳለሁ?

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት፣ ወደ ሥራ ልወጣ ኮቴን ለብሼ፣ መስመሩን ከፈትኩ። አንድ መልእክት ገባ። መስመሩን ዘግቼ ነው ያነበብኩት፤ ከልማድ አይወጣም። ምህረት ከተመረጡት ውስጥ ናት ይላል። ለጉዞዋ የሚያስፈልገው ተዘርዝሯል። አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ። ደግሜ ሳነበው ግን ከታች አንድ ያላየሁት መስመር አለ። መልእክታችሁ ሁለት ጊዜ ደርሶናል፣ የእሁድ ጠዋቱ ሙሉ ነበር፣ ሁለተኛውን መላክ አያስፈልጋችሁም ነበር ይላል።

የእሁድ ጠዋቱ። ያቺ ሰማያዊ መስመር ሞልታ ስትቆም ራጁ ደርሶ አልቆ ነበር። የቀረው ከወዲያ «ደርሶኛል» የሚለው ቃል ብቻ ነው። እማማ አማረች እጀታውን ሲያነሱ የቆረጡት ምንም ነገር አልነበረም።

ሥራ መሄዴን ትቼ በጀርባው በር ሮጥኩ። ጴጥሮስ ሥራ ወጥቷል። እማማ አማረች ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ሲያዩኝ ቅጠሉ ከእጃቸው ወደቀ፤ ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም። «ተቀበሏት!» አልኩ። «ምህረትን ተቀበሏት እማማ!» ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው በሀገራቸው ቋንቋ ብዙ ብዙ ነገር አሉ፤ «ጌታ» የምትለዋን ብቻ ነው የለየሁት። ሲጨርሱ እግራቸው ሥር ተንበረከክሁ፤ የኮቴ ስፖንጅ ሲንሸራተት ይሰማኛል። «ሌላም አለ እማማ። የመጀመሪያውም ደርሷል። እርስዎ ስልኩን ከማንሳትዎ በፊት ደርሶ ነበር። ያ ሁሉ የተናገርኩት ሐሰት ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

እማማ አማረች ፊታቸውን ገለጡ። ነገሩን በልባቸው እያሰላሰሉ አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸው ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ያላየሁት ብርሃን መጣ።

«ታዲያ እኔ ሳነሳው እዚያው ነበሩ ማለት ነው» አሉ። «ሰላም ስላቸው ሰምተውኛል።»

እኔ ማንንም ሳላርም አላልፍም፤ ሥራዬም ጠባዬም ነው። ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ፣ ሽቦው ውስጥ ሰው እንደማይቀመጥ፣ የስንቱን ሰው ጆሮ ያደነቆርኩበት ትምህርት ምላሴ ላይ ነበር።

«አዎ እማማ» አልኩ። «ሰምተዋል።»